ትንፋሹን የሚቆጥብ ሻርክ

በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከግላድስተን ወደብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሄሮን የምትባል ትንሽ የኮራል ደሴት አለች። ደሴቲቱን የከበበው የኮራል ሜዳ ሰፊ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሜዳው ከውቅያኖሱ ይለይና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይሆናል። ይህ በሌሊት ሲሆን ኩሬው ውስጥ ያለው ሕይወት ሁሉ ይጨነቃል። ቀን ቀን ኦክስጅን የሚሠሩት፣ በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራቸውን ያቆማሉ። ኮራሉ፣ ዓሣው፣ ቀንድ አውጣውና አሸዋ ውስጥ ያለው ትል ግን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ። ከውጭ የሚገባ ውሃ የለም፤ ነፋስ ካልነፈሰም የኩሬው ውሃ አይናወጥም። ኦክስጅኑ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየተበላ ይሄድና፣ አየር የጠገበ ውሃ ከሚይዘው ከአምስት አንድ እጅ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ።

በኮራል ቅርንጫፍ መሀል ተወሽቀው ይህን ሌሊት የሚችሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ። ሻርክ ግን በዚህ ቦታ የሚጠበቅ እንስሳ አልነበረም። አብዛኞቹ ታዋቂ ሻርኮች ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹማ መዋኘት ካቆሙ ውሃ በመተንፈሻ ስንጥባቸው አያልፍምና ይታፈናሉ። ኢፖሌት ሻርክ የሚባለው ትንሹ ሻርክ ግን ባሕሩ ሲሸሽ አብሮ አይሸሽም። ትልልቆቹ አዳኞች ሜዳውን ለቀው በሄዱበት ሰዓት እሱ ሸርጣን ያድናል። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይህ ዓሣ በቂ ኦክስጅን በሌለበት እንዴት ይኖራል? ለሰዓታት የሚችለውን መከራ መቻሉስ ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየሞቀ ሲሄድ ያድነዋል ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተጠራቀመው መልስ እጅግ የሚያስደንቅ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሁለተኛው ያለው መልስ ግን በየዜናው ከሚነገረው ይለያል። ጥናቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው የአዋቂው ሻርክ ጥንካሬ ስለ እንቁላሉ ዕጣ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም፤ የዝርያው መጪ ጊዜ የሚወሰነው ግን በእንቁላሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳይንሳዊ ስሙ ሄሚሲሊየም ኦሴላተም ነው። በ1788 በሳይንስ ስም የመዘገበው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ አጥኚ ፒየር ጆሴፍ ቦናቴር ነበር። የሚኖረው በሰሜን አውስትራሊያና በኒው ጊኒ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ቀጭንና ረዘም ያለ፣ በቡናማ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት ዓሣ ነው። ትልቁ 107 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ አብዛኛው ግን አንድ ሜትር አይሞላም፤ ከዚህም ርዝመት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጅራት ነው። ከፊት ክንፎቹ በላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ዙሪያዋ የነጣ አንድ አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ አለችው። የወታደር ትከሻ ማዕረግን የሚያመለክተውን ስሙን ያገኘው ከዚህች ምልክት ነው። ክቧ የትልቅ እንስሳ ዓይን መስላ አጥቂን ታደናግራለች የሚል ግምት ከቆየ ሰንብቷል። ግልገሎቹ ሲፈለፈሉ ነጠብጣብ የላቸውም፤ ሰውነታቸውን የዞረ ጥቁርና ነጣ ያለ ሰፋፊ ቀለም ይታይባቸዋል፤ ነጠብጣቡ የሚመጣው ሲያድጉ ነው።

ኑሮው በሙሉ ከመሬት አይርቅም። እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይገኛል ቢባልም የሚወደው ጥልቀት የሌለውን ቦታ ነው፤ ሰው ቆሞ ቁርጭምጭሚቱን በማይሸፍን ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቀን በኮራል ሥር ጭንቅላቱን ሸሽጎ ያርፋል፤ ጅራቱ ውጭ ቢቀርም ግድ የለውም። ማለዳና ምሽት፣ በተለይም ውሃው ሲጎድል፣ ለአደን ይወጣል። ሚሼል ሂዩፐልና ማይክል ቤኔት በ1998 ባሳተሙት ጥናት የሄሮን ኢፖሌት ሻርኮች የሚበሉትን መርምረው ነበር፤ ከምግባቸው ከመቶ ዘጠናው በላይ የአሸዋ ትልና እንደ ሸርጣን ያሉ ቅርፊት ለባሾች ሆኖ ተገኘ። ትናንሾቹ ትሉን፣ ትልልቆቹ ሸርጣኑን ያዘወትራሉ። አደኑ የሚታመነው በዓይን ሳይሆን በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ ባሉት፣ የታዳኙን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያነብቡት ቀዳዳዎች ነው። አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ አሸዋ ውስጥ ይቀብርና ያገኘውን በኃይል ይስባል፤ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል መልሶ ያወጣል። አብዛኛው ሻርክ ቆርጦ ይውጣል፤ ይኼኛው ግን አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ ያኝካል። ጥርሱ ለስላሳ ነገር ሲይዝ ቆሞ ይወጋል፤ የሸርጣን ቅርፊት ሲያገኝ ወደ ኋላ ይተኛና መፍጫ ይሆናል።

ብዛቱም ያስገርማል። በሄሮን የኮራል ሜዳ ላይ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዳሉ ምልክት አስሮ በመልቀቅ በተሠራ ጥናት ተገምቷል። ከዓመት ወደ ዓመት እዚያው አካባቢ መልሰው የተያዙ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዓሣ የሚሰደድ አይደለም። የተወለደበትን ሜዳ ይዞ ይኖራል፤ ይህም ነገር ወደ በኋላ ስንደርስ ከባድ ትርጉም ይኖረዋል።

በቴሌቪዥን የታወቀው በመሄዱ ነው። ሁለቱን የፊትና ሁለቱን የኋላ ክንፎቹን እያፈራረቀ፣ ገላውን እንደ እንሽላሊት እያጣጠፈ በኮራል ላይ ይራመዳል፤ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ለመሻገር ውሃ የሌለበትን ድንጋይም ያቋርጣል። ፒተር ፕሪድሞር በ1994 ይህን አካሄድ በጥንቃቄ መርምሮ፣ በእግር የሚሄዱ የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ገና በውሃ ውስጥ ሳሉ እንዴት ይራመዱ እንደነበር ለመገመት እንደሚረዳ ጻፈ። በ2022 ደግሞ የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪያን ፖርተር ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ሆዱ ገና በአስኳል የተነፋው አዲስ ግልገልና ሸንቀጥ ያለው ታላቁ የሚራመዱት በአንድ ዓይነት ስልት እንደሆነ አሳየች። መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ከባሕር ወደ የብስ የወጣው አባታችን ይህ ነው» የሚለው ወሬ መታረም አለበት። እግር ያላቸው እንስሳት ቅድመ አያቶች ከውሃ ዳር መራመድ የጀመሩት ከ370 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አካባቢ ነው፤ የዘራቸውም ግንድ ከሻርክ የተለየ ነው። ኢፖሌት ሻርክና ዘመዶቹ ከዚያ ጋር ሲነጻጸሩ የትናንት ፍጥረት ናቸው፤ መራመድንም በራሳቸው መንገድ ነው ያገኙት። ለእኔ ከአካሄዱ ይልቅ ሊነገርለት የሚገባው አተነፋፈሱ ነው።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ በላይ የገፋችው በአውስትራሊያ የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ጂሊያን ሬንሾው ናት። እሷና ባልደረቦቿ በ1998 ያሳተሙት ሙከራ ሻርኩን ከተለመደው ኦክስጅን አምስት በመቶው ብቻ በቀረበት ውሃ ውስጥ አስቀመጠ። ሻርኩ ለሦስት ሰዓት ተኩል ቆየ፤ ወጥቶም ጤነኛ ነበር። ቀጥሎ በመጡት ሙከራዎች ጭራሽ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነፍሱን አትርፏል። የሰው አንጎል ኦክስጅን ከተቋረጠበት በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ያለ ኦክስጅን ብዙ ቀን የሚቆይ ዓሣ መኖሩ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በሰሜን አውሮፓ በረዶ በለበሱ ሐይቆች ሥር የሚከርም አንድ የካርፕ ዝርያ አለ። የዚያ ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ብርድ የሰውነትን ሥራ ስለሚያዘገይ የኦክስጅን ፍላጎትም አብሮ ይወርዳል። የሄሮን ውሃ ሞቃት ነው። በሙቀት ውስጥ አንጎል የበለጠ ይበላል፣ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ሁለቱን ዓሦች ያነጻጸረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ዮራን ኒልሰን ከሬንሾው ጋር በመሆን ይህን ልዩነት በ2004 በሰፊው ጽፎበታል።

እንዴት ይችለዋል? የምሥጢሩ እምብርት ፍላጎትን መቀነስ ነው። ሻርኩ አየር ሲያጥረው ልቡ ይዘገያል፤ የደም ግፊቱ እስከ ግማሽ ድረስ ይወርዳል። በሌላ እንስሳ ይህ ማለት ለአንጎል የሚደርሰው ደም ይጎድላል ማለት ነበር። እዚህ ግን የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉና ግፊቱ ቢወርድም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም አይቀንስም። በአንጎሉ ውስጥም ሁሉም ክፍል እኩል አይዳከምም፤ የአንጎል ግንዱን የመረመሩት ሬንሾውና ባልደረባዋ እንቅስቃሴን የሚያዝዙት ክፍሎች ሥራቸውን ሲቀንሱ ስሜት የሚቀበሉት እንደነቁ መቆየታቸውን አግኝተዋል። እናት ማታ ፍሙን በአመድ ቀብራ እንደምታሳድረው ነው፤ ነበልባል የለም፣ እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ጠዋት ሲገለጥ ይነዳል።

ይህን የማዳፈን ትእዛዝ ከሚያስተላልፉት አንዱ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሕዋስ ኃይሉን ሲጨርስ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ ተጠራቅሞም ሕዋሱን «ቀስ በል» ይለዋል። ይህ ንጥረ ነገር በእኛም አንጎል ውስጥ አለ፤ ቀን ሙሉ ስንሠራ እየተጠራቀመ እንቅልፍ የሚያመጣብን እሱ ነው። ቡና የሚያነቃንም በውስጡ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚይዝበት ነው። እነሬንሾው በ2002 ባወጡት ጥናት ከካፌይን ጋር የሚዛመድ መድኃኒት ለሻርኩ ሰጥተው የአዴኖሲንን መንገድ ሲዘጉበት፣ ኦክስጅን በሌለበት ሰዓት አንጎሉ የኃይል ክምችቱን እንደወትሮው መጠበቅ አቃተው። መድኃኒቱን ያልተሰጠው ሻርክ ግን ክምችቱን ጠብቆ አለፈ። ከሰው ጋር የምንጋራው አንድ ጥንታዊ ንጥረ ነገር በዚህ ዓሣ ውስጥ ነፍስ አድን ሆኖ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ነገር ልምምዱ ነው። ባሕሩ በየሌሊቱ እኩል አይሸሽም። በጨረቃ ዑደት ውስጥ ከሌሊት ወደ ሌሊት እየባሰ የሚሄድበት ወቅት አለ፤ ኩሬውም ለረዘመ ሰዓት ተቆርጦ ይቆያል። ስለዚህ ሻርኩ ከባዱን ሌሊት የሚያገኘው ቀለል ያሉትን ካሳለፈ በኋላ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በላቦራቶሪ ደገሙት፤ በተከታታይ ለአጫጭር ጊዜ ኦክስጅን ያጠረበት ሻርክ በሚቀጥለው ጊዜ የሰውነቱን የኃይል ፍጆታ ከበፊቱ ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ገላው ካለፈው ሌሊት ይማራል ማለት ነው። ሐኪሞች በስትሮክና በልብ ድካም ጉዳይ ይህን ሻርክ የሚያነሡት በዚህ የተነሣ ነው፤ የሰው ልብና አንጎልም በጥቂቱ ቀድመው ሲለማመዱ ጉዳትን በተሻለ እንደሚችሉ ይታወቃል። እስካሁን ከዚህ ዓሣ የተገኘ መድኃኒት ግን የለም፤ በቅርቡ ይመጣል ብሎ ለሕመምተኛ ተስፋ መስጠትም ተገቢ አይደለም። ጥቅሙ ለጊዜው በዕውቀት ደረጃ ነው፤ ያም ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ልክ መቀመጥ አለበት። ይህ ችሎታ የሰዓታት ችሎታ ነው። ባሕሩ እንደሚመለስ የተረጋገጠበት መከራ ላይ የተሠራ ነው፤ ውሃው ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ መመለስ ይጀምራል፤ ፀሐይም ትወጣለች። የሙቀት መጨመር እንዲህ አይመለስም።

ወደ ሙቀቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ዘመዶቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ወገን ውስጥ የታወቁት የሚራመዱ ሻርኮች ዘጠኝ ናቸው። እስከ 2008 ድረስ የታወቁት አምስት ብቻ ነበሩ፤ ቀሪዎቹን አራቱን ጄራልድ አለን ከተለያዩ ባልደረቦቹ ጋር ከ2008 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ከኢንዶኔዢያና ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሕሮች ለሳይንስ አስተዋወቀ። ዘጠኙም የሚኖሩት በኒው ጊኒ፣ በአቅራቢያዋ ባሉ ደሴቶችና በሰሜን አውስትራሊያ ብቻ ነው። በ2020 ክሪስቲን ደጀን የመራችው የዘር ጥናት ይህ ወገን ከዘመዶቹ የተለየው ከዘጠኝ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንደሆነ፣ አንዳንዶቹ ዝርያዎችም ካለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ እንደተከፈሉ አመለከተ። ሻርኮች በጠቅላላው ከዳይኖሰሮች በፊት የነበሩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ በጣም አዲስ ነው፤ በምድር ላይ ካሉት ሻርኮች የመጨረሻዎቹ የመጡት እነዚህ ናቸው ተብሏል።

መለያየታቸው የመጣው ከባሕርያቸው ነው። እንቁላላቸው ኮራል ሥር ይቀራል፤ ግልገላቸው እዚያው ያድጋል፤ አዋቂው ጥልቅ ባሕር አያቋርጥም። የባሕር ከፍታ ሲለዋወጥ፣ ደሴት ከደሴት ሲራራቅ፣ በየወሽመጡ የቀረው ቡድን ለብቻው ዝርያ ሆነ። ተመሳሳዩ ባሕርይ ዛሬ ድክመታቸው ሆኗል። አንድ ወሽመጥ ብቻ ያለው ዝርያ ያ ወሽመጥ ሲበከል፣ በፈንጂ ዓሣ ሲሰገርበት ወይም ሲሞቅ ሌላ መጠጊያ የለውም። ኢንዶኔዢያ በ2023 በግዛቷ ላሉት የሚራመዱ ሻርኮች ሙሉ የሕግ ጥበቃ መስጠቷ ስለዚህ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ እንደሚገባው ከተተገበረ ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

የኢፖሌት ሻርክ ሁኔታ ከእነዚያ የተሻለ ይመስላል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም እጅግም አያሰጋም ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ሄሮን የምትገኝበት የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በ1975 በወጣ ሕግ የተከለለ የባሕር ፓርክ ነው፤ ከ2004 ወዲህ ደግሞ ከፓርኩ ሢሶው ዓሣ የማይጠመድበት ሆኗል። ሥጋውን ፈልጎ የሚያሰግር የለም። ለቤትና ለከተማ አኳሪየም የሚያዝ አለ፤ በአኳሪየም ውስጥ በቀላሉ ስለሚራባ ግን ጫናው ከፍተኛ አይደለም። እንዲያውም በ2023 በቺካጎ አቅራቢያ ባለው የብሩክፊልድ መካነ አራዊት ለዓመታት ከወንድ ተለይታ የኖረች እንስት ያለ አባት ግልገል ፈልፍላለች፤ ይህ በሻርኮች አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ጥንካሬው በሌላም ተፈትኗል። በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የ2014 ጥናት አዋቂዎቹን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠኑ ለመጪው ዘመን በተተነበየው ልክ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ለሁለት ወር ያህል አቆይቶ፣ የደማቸውን ሚዛን ጠብቀው በደኅና መኖራቸውን አሳይቷል። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ የቅርብ ጊዜ ጥናትም እንስቷ እንቁላል ስትሠራ የኃይል ፍጆታዋ ከወትሮው በሚለካ መጠን አለመጨመሩን ዘግቧል። ዜናውን የሚጽፉት ከዚህ ተነስተው «የማይበገር ሻርክ» ይላሉ።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። እንስቷ ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ሁለት ሁለት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቆዳ መሰል ቡናማ ከረጢት ነው። ኮራል ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቀውና ትሄዳለች። እናት አትጠብቀውም፣ አባት አይጠብቀውም። ጽንሱ አስኳሉን እየበላ አራት ወር ያህል እዚያ ይቆያል። ከጊዜ በኋላ ከረጢቱ ላይ ቀጫጭን ክፍተቶች ይከፈታሉ፤ ጽንሱ ጅራቱን እያወዛወዘ ንጹሕ ውሃ ይስባል። ይህ መወዛወዝ ለአዳኝ ያጋልጠዋል። የዚህ ሻርክ የቅርብ ዘመድ በሆነው የቀርከሃ ሻርክ ላይ በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ጽንሱ አዳኝ ሲቀርብ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ለይቶ ትንፋሹን እንደሚገታ አሳይቷል። ገና ያልተፈለፈለ ዓሣ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ አደጋን ማወቁ፣ ፀጥ ማለቱ፣ ለዚህ እንስሳ ያለኝን አክብሮት ከምንም በላይ ያሳደገው ነገር ነው።

ሲፈለፈል ከ14 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ ለመውለድ የሚደርሰው ቢያንስ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ርዝመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ነው። እንግዲህ አንድ መጥፎ የመፈልፈያ ዓመት ያደረሰው ጉዳት ወላድ በሆኑት ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አሁን የምናየው የአዋቂ ብዛት የዛሬ ሰባትና ስምንት ዓመት የነበረውን ባሕር ይነግረናል እንጂ የዛሬውን አይደለም።

የወቅቱን ጉዳይ ደግሞ እናስብ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ በጋው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በኅዳር የተጣለ እንቁላል አራት ወሩን የሚጨርሰው በመጋቢት ነው፤ የዓመቱን ሙቀት ሁሉ በከረጢቱ ውስጥ ይቀበላል ማለት ነው። አዋቂው ሲሞቀው ወደ ጥላ፣ ወደ ጠለቅ ያለ ውሃ ይሄዳል። እንቁላሉ መንቀሳቀስ አይችልም። በ2021 ካሮላይን ዊለር፣ ጆዲ ራመርና ባልደረቦቻቸው ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። እንቁላሎቹን በ27፣ በ29ና በ31 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳደጉ። የመጀመሪያው በዚያ አካባቢ የአሁኑ የበጋ አማካይ ነው፤ የመጨረሻው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ነው። በ27 ዲግሪ ጽንሱ በ125 ቀን ተፈለፈለ። በ31 ዲግሪ ግን በ100 ቀን ወጣ። ቶሎ መውጣቱ መልካም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አስኳሉን በፍጥነት አቃጥሎ ጨርሶ ነበር፤ አንሶ ተፈለፈለ፣ ወዲያው መብላት ያስፈልገው ነበር፣ ለዚህ የሚያወጣው ጉልበት ግን አልነበረውም። በተለመደው ሙቀት የሚፈለፈል ግልገል ሆዱ ውስጥ የአስኳል ስንቅ ይዞ ስለሚወጣ አደን እስኪለምድ ድረስ ፋታ አለው። በ31 ዲግሪ የወጣው ይህን ፋታ ያጣል። ጥናቱ የተሠራው በቦስተን በሚገኘው በኒው ኢንግላንድ አኳሪየም ነው፤ እዚያ አዳኝ የለም፣ ምግብም በሰው እጅ ይቀርባል። በኮራል ሜዳ ላይ ለደከመ ግልገል ይህ ሁሉ አይኖርም።

እነዚህን ግኝቶች ከአተነፋፈሱ ጥናት ጋር ሳገናኛቸው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልኛል። ሙቀት ከፍ ሲል ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የጽንሱ ፍላጎት ደግሞ ይጨምራል። የአዋቂው ትልቁ ስልት ፍላጎትን መቀነስ ነበር። እያደገ ያለ ጽንስ ግን ፍላጎቱን ለወራት መቀነስ አይችልም፤ ማደግ ራሱ ወጪ ነው። አዋቂው ለስድስት ሰዓት የሚያዳፍነውን እሳት ጽንሱ መቶ ቀን ሙሉ ማንደድ አለበት። በ1998ቱ ሙከራ ሦስት ሰዓት ተኩል የታገሠውን ሻርክ ለሙቀት ዘመን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባሕሩ ደግሞ እየጠበቀ አይደለም። በታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ኮራሉን በጅምላ ያነጣው ሙቀት በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022ና በ2024 ደርሷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አራት ዓመት ይለያቸው ነበር፤ ከ2016 እስከ 2024 ያሉት አምስቱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የገቡ ናቸው። በ2024 ለረጅም ጊዜ ከሰሜኑ የተሻለ የነበረው የደቡቡ ክፍል፣ የሄሮን አካባቢም የሚገኝበት፣ ክፉኛ ተመታ። ኮራል ሲሞት እንቁላል የሚወሸቅበት ስንጥቅ፣ ግልገል የሚደበቅበት ቅርንጫፍ፣ ሸርጣኑ የሚኖርበት ቤት አብሮ ይፈርሳል። የፓርኩ ወሰን መረብን ይከለክላል፤ የሞቀ ውሃን አይከለክልም።

ስለዚህ ከጥናቶቹ ክምችት ውስጥ የጎደለው ግልጽ ነው። ስለ አዋቂው አተነፋፈስ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ስለ አካሄዱም በቂ ነው። እንቁላሉ በኮራል ስንጥቅ ውስጥ በእውነተኛው ባሕር ምን ያህል ሙቀት እንደሚያገኘውና በየዓመቱ ከሚጣለው ስንቱ ለመውለድ እንደሚደርስ በየሜዳው እየተለካ መመዝገብ አለበት፤ ይህም የሰባት ዓመቱን መዘግየት ቀድሞ ሊነግረን የሚችል ብቸኛው መለኪያ ነው። የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ከካሜራ ፊት ከሚራመደው ሻርክ ይልቅ ለዚህ ቅድሚያ ቢሰጡ ዝርያውን ይጠቅሙታል። አንባቢም ይህ ዓሣ «ማንኛውንም ነገር ይችላል» የሚል ዜና ሲያጋጥመው አንድ ጥያቄ ያንሣ፤ የተፈተነው አዋቂው ነው ወይስ እንቁላሉ?